ኮልቾ ያለው ዘመዳችን

ከኦሞ ከተመለስን ስንት ዓመት አልፎም ሱቄ ደጃፍ የሚያልፍ ሁሉ «እንዴት ነው ኦሞ?» ይለኛል። መርፌውን እያቆምኩ ለእያንዳንዱ መተረክ ስለሰለቸኝ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ተነሣሁ። ወንዙን ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይድከም፤ ወንዙ ትልቅ ነው፣ መልኩ የቡና በወተት ነው፣ እየተጠማዘዘ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የቀረው የመንገድ ድካምና የሰው ወሬ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጋሞ ደጋ ወርጄ ጂንካ ከከተምኩ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ፈረንጆች ከተማችን መሀል ባለው ሣር ሜዳ ላይ በአውሮፕላን እየወረዱ፣ ካሜራ አንግተው ወደ ኦሞ ሲያልፉ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። እኔ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር። ምን ላደርግ? ወንዝ አይለካ፣ አይቆረጥ፣ አይዘመዘም።

ያስነሣን የልጃችን ምድብ ነው። ምሕረት አንድ ልጃችን ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ አጭር የመምህርነት ኮርስ ወስዳ ምድቧ ሲወጣ ኮልቾ ሆነ፤ ከኦሞ ወንዝ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች የካራዎች መንደር። ትምህርት ቤቱ ገና የተከፈተ፣ አስተማሪዋ እሷ ብቻ፣ ጊዜው ሁለት ዓመት። ባለቤቴ አስቴር ደብዳቤው ሲነበብላት «ልጄን ለአዞ አልሰጥም» ብላ ተነሥታ ወጣች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ከዚያች ቀን ጀምሮ እሷ ስትገላበጥ እኔም ሳልተኛ ከረምኩ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፤ ሦስታችንም እንሄዳለን፣ አገሩን በዓይናችን እናያለን፣ ለልጅ የማይሆን ከሆነ ሦስታችንም እንመለሳለን። ሥራውም ይቅር፣ የሚመጣውም ይምጣ። ይህን ስንስማማ ምሕረት እዚያው አጠገባችን ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር።

በደርግ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ እንደማይቻል የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ልጅነቱን የማውቀው፣ የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋሁለት ሰው ነው።

«ምሕረት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አላት፤ እናንተ ግን ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት ጋሽ ጳውሎስ?» አለኝ።

«ኦሞን ለማየት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንዝ ለማየት ብዬ ልጻፍ? ወንዝ ካማራችሁ ኔሪ እዚህ ታች አለ። ለማየት ብሎ የሚሄድ ፈረንጅ ነው።»

ወረቀቱ ላይ የሚጻፉት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ሕክምና፣ ፍርድ ቤት፣ ንግድ፣ የዘመድ ጥየቃ። «የዘመድ ጥየቃ ልበለውና ይለፍ» ብሎ ጻፈው፣ ማኅተም መታበት። እኔም ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ በየቤቱ ነበር የምንጸልየው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ዝም ማለቴ መዋሸት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ዓርብ ዕለት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ ተብለን ተነሣን። መኪናው የተነሣው አምስት ሰዓት ላይ ነው። አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና ነበር፤ ጨውና ቆርቆሮ ጭኗል። አስቴር ጋቢና ገባች፤ እኔና ምሕረት ጨው ጆንያው ላይ ወጣን። የምሕረት ዕቃ ፍራሽ፣ የብረት ሣጥን፣ ፋኖስ፣ ሁለት ድስትና አንድ ካርቶን ጠመኔ ነበር። ከዚህ ሌላ አስቴር አንድ ኩንታል የሚሞላ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬና ሹሮ አዘጋጅታ ነበር።

«ይዘናት የምንመለስ ከሆነ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ካልተመለሰችስ?» አለችኝ። «ካልተመለሰች ምን ትበላለች?»

ዳቦ ቆሎውን ጭኜ ጆንያው ላይ ወጣሁ። ቀይ አፈር ከተማ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ባሌስትራው ተሰበረ። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ገብቶ እስከ አሥር ሰዓት እየተሳደበ ሲያስር ዋለ፤ እኛም በእንጨትና በጎማ ጠፍር የሚያስረውን እያየን ዋልን። እንደሚታወቀው ጂንካ ላይ የትም ብትቀመጥ ከኋላህ ሙዝ ወይም እንሰት አለ። እዚህ የተቀመጥንበት ግራር ጥላው እንደ ወንፊት ነው፤ ፀሐዩን አጣርቶ ይለቅብሃል።

ቀይ አፈር የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አልዋሸም፤ ሦስታችንም አንድ መልክ ሆነናል። ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴት፣ እትዬ ጎበናሽ የሚሏት፣ አልጋ የለኝም አለችን። አስቴር ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሻሽ ስታይ ግን ተነሥታ የራሷን አልጋ አነጠፈችላት። እሷ ከምሕረት ጋር መሬት ላይ ተኛች፤ እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ። የበላነው የበቆሎ ቂጣ በጎመን ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተሻለ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልጣፈጠኝም።

ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ነው። መኪናው ግማሹን ጨው እዚያ እስኪያወርድ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ እንደምነግር አላውቅም፤ ጂንካ ሰኔ ላይ ብርድ ልብስ የምትለብሱ ሰዎች አታምኑኝም። እኔ ግን ገበያውን ሳየው ድካሜን ትንሽ ረሳሁ። የሐመር ሴቶች የሚለብሱት የፍየል ቆዳ፣ ጫፉ ላይ የተሰካው ጨሌ፣ ስፌቱ ሁሉ በጅማት ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዷ ሴት ሌላ ነገር የማይ መሰላትና ጓደኛዋን ጠርታ ሳቁብኝ። እኔ የማየው የስፌቱን እኩልነት ነበር። በስፌት መኪናዬ እንኳ እንዲያ ቀጥ አድርጌ የማልሰፋበት ቀን አለ።

ቱርሚ ኬላ ላይ የተወጠረው ገመድ ጋ ስንደርስ ጠባቂው ወረቀታችንን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሥራ የፈታ ሰው ግን ማንበብ ይወዳል።

«የዘመድ ጥየቃ፣ ኮልቾ» አለ። «የማን ዘመድ ናችሁ?»

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ካራዎችን አላውቅም። የቆላ ሰው ስም የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ከዓመታት በፊት አንድ የሐመር ሰው ቁምጣ ሊያሰፋ መጥቶ ስሙን ልኬት ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። ያው ስም ከአፌ ወጣ። «የሙዳ» አልኩ።

የጠባቂው ፊት በራ። «ሙዳ! አማርኛ የሚችለው ሙዳ?»

«እሱው።»

«አንተ ጋሞ አይደለህ እንዴ? በምን ተዛመዳችሁ?»

«በጋብቻ» አልኩት። አስቴር ከጋቢናው መስኮት ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

«ጥሩ» አለ ጠባቂው። «ሰኞ ወደዚያ የሚሄድ መኪና አለ። የኮልቾው ሚሊሻም አብሮ ይመለሳል፤ ከሙዳ ጋር እሱ ያገናኛችኋል። ዘመዱ ካልሆናችሁም በዚያው መኪና ይመልሳችኋል። ወረቀቱ እስከዚያ እኛ ዘንድ ይቆይ።» የምሕረትን የምድብ ደብዳቤም አብሮ ወሰደው።

ያደርንበትን ሆቴል ስሙን አልናገርም፤ ትኋኖቹ ግን ያስታውሱኛል ብዬ አስባለሁ። አስቴር መብራት ሳይጠፋ ጀምራ እስክትተኛ ድረስ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እግዚአብሔርን በውሸት መንገድ ምራን ብለን አንለምነውም።»

እሁድ መኪና የለም። ቀኑን ሙሉ ቱርሚ ውስጥ ጥላ እየተከተልን ዋልን። ውሃ ጠይቀን ወንዙ እዚያ ነው አሉን። ሄደን ያየነው ከጂንካ አደባባይ የሚሰፋ አሸዋ ነው፤ ጠብታ የለበትም። አንዲት ሴት በቅል አሸዋውን እየቆፈረች ክንዷን የሚውጥ ጉድጓድ አውጥታ ከታች ውሃ ታጠራቅም ነበር። ቅሉ እስኪሞላ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ሲሞላ ለራሷ ጀሪካን ሳትጨምር ለአስቴር ሰጠቻት፤ ከዚያ ለምሕረት፣ ከዚያ ለእኔ። ከዚያ እንደገና መቆፈር ጀመረች። ቋንቋዋን ስለማናውቅ ማመስገኛ አጥተን ቆመን ቀረን።

በኋላ አንድ ዛፍ ሥር ለጸሎት ተሰበሰብን። እንደ ወትሮው እኔ ልምራ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቃል እምቢ አለኝ። በዚያ ሰዓት የማስበው ሙዳ የሚባለው ሰው «አላውቃቸውም» ሲል ነው። እኛስ እንመለሳለን፤ ያንንማ አስቴር ትፈልገው የለ? ነገር ግን በውሸት የተያዘ አባት ያላት ልጅ መዝገቧ ላይ ምን ይጻፋል? በእኔ ፈንታ ምሕረት ጸለየች። አጭር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ሰኞን አሳልፈን» ብቻ።

ሰኞ የመጣችው አንዲት የመንግሥት ላንድሮቨር ናት። ሾፌሩ ደረቱ ላይ ቀይ የፓርቲ ምልክት የለጠፈ፣ ሁሉንም ሰው «ጓድ» የሚል፣ የማይስቅ ሰው ነው። አስቴርንም «ጓዲት» አላት። ሚሊሻው ወረቀታችንን ከኬላው ተቀብሎ፣ ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በመካከላችን ተቀመጠ። ከቱርሚ ወደ ኮልቾ መንገድ አለ ማለት ልማድ ነው፤ ሾፌሩ የሚያውቃቸው ዛፎች አሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይነዳል። ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳ። ሁለተኛው ላይ መለወጫ ስለሌለ ካላማዳሪያውን አውጥቶ ሲለጥፍ ማስቲሹ በሙቀቱ አልይዝ አለው። እኔ ከቦርሳዬ የሰም ክርና ወፍራም መርፌ አውጥቼ የተቀደደውን ጎማ ከውጭ ጠቀምኩለት። ሃያ ዓመት ስሰፋ እንደዚያ ያለ ጨርቅ ገጥሞኝ አያውቅም። ሾፌሩ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰና «ይሠራል ጓድ» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። ስፌቱም ይዞ አሸዋው እስኪጀምር አደረሰን፤ ከዚያ ሾፌሩ ዕቃ ለማውረድ ወደ ሌላ መንደር ታጠፈ፣ ረቡዕ ጠዋት እመለሳለሁ አለን። እኛ ሣጥኑን፣ ሚሊሻው የጠራቸው የመንደሩ ልጆች የቀረውን ተሸክመን ኮልቾ ድረስ በእግር ሄድን። አስቴር ወገቧን ይዛ አሥር ጊዜ ቆመች።

ሙዳን ያገኘነው ጥላ ሥር፣ ሰዎች መካከል፣ ትንሽ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሚሊሻው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው፤ በእጁ ወደ እኛ ጠቆመ። ሙዳ እኔን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ የአስቴርን ያበጡ እግሮች አየ። በመጨረሻ ምሕረትን ረጅም ጊዜ አያት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ጠበቅኩ። ከዚያ ሙዳ ብዙ ተናገረ፤ ሚሊሻው እየሳቀ ወረቀታችንን መልሶ ሰጠኝና ወደ ቤቱ ሄደ።

ሙዳ በርጩማውን ለአስቴር አስጠጋላትና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ማነው?» አለኝ በአማርኛ።

ያን ያህል ርቀት የተሸከምኩትን ውሸት እዚያው አወረድኩት። የቀበሌውን ወረቀት፣ የኬላውን ጥያቄ፣ ስሙን ከልኬት ደብተር ማግኘቴን፣ የልጄን ምድብ፣ ሁሉንም ነገርኩት። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አልኩት። «ታዲያ ለሚሊሻው ምን አልከው?»

«ዘመድ ነው አልኩት።»

«ለምን?»

«እኔ ጂንካ ታስሮ ነበር። ሁለት ዝናብ። የሰው ከብት ነድቶ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ዘመድ አለው። ዘመድ ምግብ ይዞ ይመጣል። በር ላይ ስም ይጠራል፣ ስሙ የተጠራ ሰው ይወጣል፣ ምግብ ይዞ ይገባል።» ወደ ወንዙ ወገን አየ። «የኔ ስም አልተጠራም። ሌሎቹ ያበሉኝ ነበር፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ስም ግን አልተጠራም። አሁን ሰው ከጂንካ መጣ፣ እስከዚህ መጣ፣ የኔን ስም ጠራ። እንዴት አይደለም ይላል?»

እስር ቤቱ ከሱቄ ሩቅ አይደለም። ምሳ ይዘው የሚያልፉትን ሰዎች በየቀኑ አያለሁ፣ ለታሰሩ ወገኖቻችንም እኔ ራሴ ይዤ ሄጃለሁ፤ ስም የማይጠራለት ሰው ውስጥ እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ይህንን ሳስብ አፈርኩ።

ማክሰኞ ማለዳ ሙዳ ፍየል አረደ። «ውሸት እንዳይሆን» አለኝ። ከቆዳው ቀጭን ጠፍር ቆርጦ በእኔ ክንድ ላይ፣ ሌላውን በራሱ ክንድ ላይ አሰረ። በእነርሱ ዘንድ ሰው እንዲህ ተሳስሮ ዘመድ ሲሆን ልጆቻቸውም ይዛመዳሉ፤ አንዱ ሌላው አገር ሲሄድ ማደሪያው እዚያ ነው። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይላል የኛ ሰው፤ እኔ ግን በልቼ የተዛመድኩት ያን ቀን ነው። ሥጋው በጨው አልተነካም። አስቴር ከስንቋ በርበሬ አውጥታ ነሰነሰችበት፤ የሙዳ ሚስት ሱራ ቀምሳ ዓይኗን እንባ ሞላው፣ ሳቀችና በእጇ ጨምሪልኝ አለች።

ከዚያ ወንዙን አየን። ሙዳ አፋፉ ጫፍ ድረስ ወሰደን። ኦሞ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ዛፍ በዛፍ በሆነ ዳርቻ መካከል ክብ ሊሠራ ጥቂት እስኪቀረው ይጠመዘዛል። ከዳር ማሽላ የተዘራበት ጥቁር አፈር አለ፤ ውሃው ሞልቶ ሲሸሽ ነው የሚዘሩት። እኛ ዝናብ እንጠብቃለን፣ እነሱ ወንዙ እስኪሄድላቸው ይጠብቃሉ። ሃያ ዓመት ፈረንጁ ሁሉ ሲያልፍለት ያየሁት ይኸው ነው ብዬ ልደሰት ሞከርኩ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም አስቴር ለወንዙ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። የምታየው ምሕረት የምታስተምርበትን ዳስ ነው፤ ግድግዳው እንጨት፣ ጣሪያው ሣር፣ ሰሌዳው በጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ።

«አየን» አለች አስቴር። «አሁን እንናገር።»

ለመናገር ተራው የእኔ ነበር። ዳሱን አየነው፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ነገር ግን ሐኪም የለም፣ መንገድ የለም፣ ክረምት ሲገባ ደብዳቤ እንኳ አይመጣም አልኩ። ስለዚህ ይዘናት እንመለስ አልኩ።

«ብመለስ ምን እሆናለሁ አባዬ?» አለች ምሕረት።

«ትኖሪያለሻ፣ ቤትሽ አይደል?»

«ቁልፍ እተክላለሁ። የቁልፍ ቀዳዳ እሠራለሁ። ዓይንህ መርፌ ማስገባት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የኔ መሄድ የከበደህ ሐኪም ስለሌለ ብቻ እንዳይመስልህ።»

እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። እውነቷን ነበር። የጂንካ ሰው ሁሉ የኔ ነው ብሎ የሚያመሰግነው ሥራ ግማሹ የእሷ ጣት ነው፤ ያለ እሷ ሱቁን ስንት ዓመት እንደማቆየው ሌሊት ሌሊት የማስበው ያንን ነበር። ለልጄ አዞ ፈርቼ ብቻ አልነበረም።

ምሕረት ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ከጨንቻ ስትወርጂ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ስድስት።»

«ማን ሸኘሽ?»

አስቴር ያበጠ እግሯን አሻሸች። ሱራ፣ አንዲት ቃል ሳይገባት፣ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ማንም» አለች አስቴር በመጨረሻ። «እናቴ ተቆጥታ ወፍጮ ላይ ነበረች። ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ሳልመለስ ሞተች።»

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። በትዳር ውስጥ ሁሉ የተነገረ ይመስለናል።

ከሰዓት በኋላ አስቴር ፍራሹን አንሥታ ሱራ ቤት አስገባች። ምሕረት የምታድርበትን ቦታ ጠረገች፣ የሣጥኑን ቦታ ሦስት ጊዜ ለዋወጠች፣ ሹሮውን ከምስጥ ሽሽት ምሰሶ ላይ ሰቀለች። ሱራም አብራት ትሰቅላለች። በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ አላውቅም፤ ሲነጋገሩ ግን ዋሉ። ወሰነች ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። የሰቀለችው ሹሮ ነገረኝ።

ረቡዕ ጠዋት የላንድሮቨሯ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም ተነሣ። ልንሄድ ስንል ሙዳ በቅል ቀርቦ የነበረውን የቡና ቅርፊት ውሃ ይዞ መጣ፤ ሾፎሮ ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ይጠጣዋል።

«አባት ልጁን እንዲህ ደረቅ አድርጎ አይተዋትም» አለኝ። «መርቃት።»

እንዴት እንደሚመረቅ አሳየኝ። ከቅሉ ተጎንጭቶ መልካም ነገር እየተናገረ፣ በየመሀሉ የሚመረቀው ሰው ላይ እፍ እያለ ያርከፈክፋል። እኛ የምንጸልየው እጃችንን ጭነን ዓይናችንን ጨፍነን ነው። ያ ለእኔ ትፋት ነው፤ ሲከፋም የባዕድ ልማድ ነው። ቅሉን ይዤ ቆምኩ። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ለክፉውም ለደጉም ብዬ ያሰናዳሁት ቃል ነበረኝ፤ ከመዝሙረ ዳዊት የለቀምኩት፣ ለመሰናበቻ የሚሆን።

ከሁላችንም በሃይማኖት ጥብቅ የሆነችው አስቴር ናት። ትከለክለኛለች ብዬ አየኋት።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። «ልጅህን መርቅ እንጂ።»

ምሕረት ፊቴ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ሕፃን ሆና ፊቷን ሳጥባት እንደምትጨፍነው ነው የጨፈነችው። ተጎነጨሁ። አፌ ሞላ፤ ትኩስ ነበር፣ መራራ ነበር። ያኔ ነው ስሕተቴ የገባኝ፤ ሙዳ ጥቂት ይጎነጭ ነበር፣ እኔ ቅሉን ግማሽ አድርጌዋለሁ። መዋጥም አልቻልኩም፣ መናገርም አልቻልኩም። ሁሉንም እፍ አልኩት። ፀጉሯ ላይ፣ ግንባሯ ላይ፣ ለመጀመሪያ ቀን ብዬ የሰፋሁላት ነጭ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ። ሙዳ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለ፤ የቆሙት ሁሉ ተቀበሉት። ምሕረት ፊቷን አልጠረገችም። እናቷን ሳመች፣ እኔን ሳመችኝ፣ ከዚያ ልጆች ዳሱ ውስጥ እየጠበቋት ስለነበር ሄደች። አስቴር «ዞር ትላለች» ብላ መኪናው ሲጮህም አልገባ አለች። ምሕረት አልዞረችም። ድምፅዋ ከዳሱ ውስጥ ሲቆጥር ሰማነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የልጆቹም ድምፅ ከኋላ ይከተላል።

መኪናው ውስጥ እኛ ብቻ አልነበርንም። ጥቂት የመንደሩ ሰዎች ቱርሚ ድረስ ተሳፍረው ነበር፤ ሾፌሩም ዛፎቹን እየፈለገ ይነዳል። የጠቀምኩት ጎማ ከኋላችን ይንኳኳል።

«ምን ብለህ መረቅካት?» አለችኝ አስቴር።

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«አፌ ሞልቶ ነበር» አልኳት። ስናገረው አለቀስኩ። በሰው ፊት ማልቀሴ ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ያ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ተሸክሜው የሄድኩት ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

አስቴር ነጠላዋን አስተካከለች። ያን ጊዜ በመንግሥት መኪና ውስጥ፣ ያ ቀይ ምልክት ፊት፣ የእግዚአብሔርን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች፤ በዚያ የታሰሩ ወገኖቻችንን ስንጠይቅ ኖረናል። ወደ ኋላ፣ አቧራው ወደ ሸፈነው መንገድ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«ልጄ» አለች። «መግቢያ መውጫሽን እግዚአብሔር ይጠብቀው። ያስተማርሻቸው ያስቡሽ። የበላሽበት ቤት አይጉደል። ታመሽ ደጋፊ አትጪ፣ ተርበሽ ሰጪ አትጪ። እኔ ተሸኝቼ አላውቅም፤ አንቺን ግን ሸኝቼሻለሁ። ሂጂ፣ እናትሽ አልተቀየመችሽም።»

መኪናው ውስጥ ያሉት ካራዎች ቃሉ ባይገባቸውም አነጋገሩ ገብቷቸው በቋንቋቸው ተቀበሏት። እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ሾፌሩን በመስተዋቱ አየሁት። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ማርሽ ቀየረ፣ አንድ ግራር አለፈ፣ ከዚያ በዝግታ «አሜን» አለ።